የ1962 ቮልስ አርማዎችን ማደስ፦ የአሥር ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1 – ነቀላ

መኪናዋ የአጎቴ ስትሆን እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራች ቮልስዋገን ናት። የባቱላሜራውና የቀለሙ ሥራ በሌላ ባለሙያ እጅ ነው፤ የእኔ ድርሻ መኪናዋ ከመፋቋ በፊት አርማዎቹን ነቅሎ ማደስ፣ ከተቀባች በኋላም መልሶ መግጠም ብቻ ነው። አርማዎቹ ሦስት ናቸው፦ በፊት ኮፈን ላይ «ቪ» ከላይ «ደብልዩ» ከታች ሆነው የተያያዙበት ክብ፣ ከእርሱ ዝቅ ብሎ ከኮፈኑ እጀታ በላይ ያለው የቮልፍስቡርግ (የቮልስዋገን ፋብሪካ ያለባት የጀርመን ከተማ) ጋሻ፣ እንዲሁም በሞተሩ ክዳን ላይ ያለው «1300» የሚለው ጽሑፍ።

ሦስተኛው ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። የ1962ቷ ቮልስ የወጣችው ከ1200 ሞተር ጋር ሲሆን የ1300 ሞተር የመጣው በ1966 ሞዴል ነው። ሞተሩ ከብዙ ዓመታት በፊት ሲቀየር አጎቴ ጽሑፉንም ከሶማሌ ተራ ገዝተው አስለጥፈውታል። አሁን እንዲቀር ሐሳብ ባቀርብላቸው «ሞተሩ 1300 ነው፤ ታዲያ ጽሑፉ ምኑ ላይ ዋሸ?» አሉኝ። መልስ ስላጣሁ ከሚታደሱት ጋር ተቆጠረ።

ጋሻው ግን የመኪናዋ እውነተኛ ጌጥ ነው። በቮልስ ኮፈን ላይ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1962 መገባደጃ ብቻ የነበረ ምልክት ስለሆነ፣ ይህች መኪና ይዘውት ከወጡት የመጨረሻዎቹ አንዷ ናት ማለት ነው። ባለ ሁለት ማማ ግንብ፣ ከግንቡ በላይ የሚራመድ ተኩላ፣ ከግንቡ በታች ደግሞ የውኃ ሞገድ ተቀርጾበታል። ተኩላው ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ይሁን እንጂ ጆሮውና ጅራቱ ተለይተው ይታያሉ።

የፊቶቹ ሁለት አርማዎች ከጀርባቸው ባሉት ቀጫጭን እግሮች በኮፈኑ ቀዳዳዎች አልፈው ከውስጥ በኩል በብረት ክሊፕ ተይዘዋል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ከፊት ኮፈን ሥር ያለው የነዳጅ ታንከር፣ ትርፍ ጎማና የሻንጣ ቦታ ብቻ ነው፤ እጅ እንደ ልብ ይገባል፤ ነገር ግን ከታንከሩ በላይ ስለሚሠራ ፍንጣሪ የሚያወጣ መሣሪያ አልተጠቀምሁም። ክሊፖቹ ዝገው ስለነበር የዝገት ማላቀቂያ (450 ብር) ነፍቼባቸው አሳደርሁና በማግስቱ በትንሽ መቁረጫ አንድ በአንድ ቆርጬ አወጣኋቸው። ሁለቱም አርማዎች ያለ ጉዳት ወጡ።

በዚህ ተበረታትቼ ጽሑፉን ካቻቪቴ ከሥሩ አስገብቼ ፈነቀልሁት። ከሦስቱ እግሮቹ አንዱ ቀጭ ብሎ በክዳኑ ውስጥ ቀረ። ከውስጥ በኩል መጀመሪያ ክሊፑን ቆርጬ ቢሆን ኖሮ አይሰበርም ነበር፤ ያን ለማድረግ ግን ጎንበስ ብሎ መሥራት ስለሚጠይቅ ሰነፍሁ።

ሥራው በጋራዡ ግቢ ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ያያል። ከአምስት ሰው ሦስቱ ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት በቮልስ መወሰዳቸውን አንሥቶ፣ ያቺ መኪና ይህቺ ትሆን እንደሆነ ይጠይቀኛል። አይደለችም።

ሳምንት 2 – ትልቁ ስሕተት

ክቡ ቀላል ነጭ ብረት፣ ማግኔት የማይዘው፣ ላዩ የደበዘዘና ነጠብጣብ የበዛበት ነው። ይህ አኖዳይዝ የተደረገ (ማለትም በአሲድና በኤሌክትሪክ ጠንካራ ሽፋን እንዲያወጣ የተደረገ) አሉሚኒየም መሆኑን ስላወቅሁ፣ ያረጀውን ሽፋን ለማንሣት ኮስቲክ ሶዳ ገዛሁ (1 ኪሎ፣ 280 ብር)። በአንድ ሊትር ውኃ 50 ግራም ያህል በጥብጬ፣ ጓንትና መነጽር አድርጌ፣ በፕላስቲክ ሣህን አዘጋጀሁ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበር።

ጽሑፉንም ማግኔት አልያዘውም። ስለዚህ ያው አሉሚኒየም ነው ብዬ ሁለቱን አንድ ላይ ከተትኋቸው። አሉሚኒየሙ የሚያስፈልገው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነበር፤ በመካከሉ ስልክ ተደወለና ስመለስ ሃያ ደቂቃ ያህል አልፏል። ሣህኑ ይፈላል፤ ክቡ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ከጽሑፉ ላይ የክሮሙ ቅርፊት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሥቶ ይንሳፈፋል።

የከፋው ግን በኋላ ታጥቦ የታየው ነው። ክቡ በጽሑፉ ላይ ተደግፎ በቆመበት ቦታ፣ በ«ደብልዩ» ግራ እግር ላይ፣ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ተበልቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሁለት የተለያዩ ብረቶች እየተነካኩ እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ሲገቡ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። በጽሑፉ ላይ የነበረው መዳብ፣ ኒኬልና ክሮም አሉሚኒየሙን እንዲያልቅ አጣደፈው።

ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን ያደረግሁት በዚህ ሳምንት መጨረሻ ነው። ከአንድ ወርቅ ሠሪ ትንሽ ሚዛን ተዋስሁ። በመጀመሪያ ዕቃውን በደረቁ መዘንሁ፤ ቀጥሎ በሚዛኑ ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጬ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለስሁና ዕቃውን በክር አንጠልጥዬ የብርጭቆውን ግድግዳም ሆነ ታች ሳይነካ ውኃው ውስጥ አጠለቅሁት። በዚህ ጊዜ ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም ዕቃው የያዘውን ቦታ በሚሊሊትር ይነግራል። ክቡ 34 ግራም መዝኖ 12.5 አሳየ፤ ሲካፈል 2.7 ይሆናል፤ አሉሚኒየም ነው። ጽሑፉ ደግሞ 61 ግራም መዝኖ 9.2 አሳየ፤ ይህ 6.6 ነው፤ ማለትም በቅርጽ የፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ፣ ዛማክ የሚባለው ነው። ጋሻው እንደ ክቡ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። ሥራው በሙሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ሣህኑን ከማዘጋጀቴ በፊት ሠርቼው ቢሆን ኖሮ የሚቀጥሉት ስምንት ሳምንታት አራት በሆኑ ነበር።

ሳምንት 3 – ክቡን ማለስለስ

ጥቁሩ ጥላሸት በኮስቲክ ሶዳ ያልሟሟው የቅይጡ ትራፊ ነው። በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ በከፊል ብቻ ለቀቀ። ሚዛን ያዋሰኝ ወርቅ ሠሪ ለወርቅ መፈተኛ የሚይዘው ናይትሪክ አሲድ ነበረውና፣ በሩን ከፍቶ ለጥቂት ሰኮንድ ቢያጠልቀው ነጭ ሆኖ ወጣ። 300 ብር ከፈልሁ። ናይትሪክ አሲድ አሉሚኒየምን እምብዛም አይነካም፤ ዚንክን ግን ይበላል፤ ስለዚህ ጽሑፉን ቤት ትቼው ነበር የሄድሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው፦ 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000 (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ እየላመ ይሄዳል)፤ ሁሉም በሳሙና ውኃ እየራሰ። አሥራ ሁለት ወረቀት ሄደ (600 ብር)። ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ሲታለፍ የፈተጋው አቅጣጫ ካልተቀየረ የቀደመው ቁጥር ጭረት መጥፋት አለመጥፋቱ አይታወቅም። እኔ 600ን ቶሎ አልፌ 1500 ላይ ስደርስ የ400 ጭረት እንደ ፀጉር ሆኖ ስለታየኝ ወደ ኋላ ተመልሻለሁ። ጣት ብቻውን ጉድጓድ ይሠራል፤ ስለዚህ ወረቀቱን በእርሳስ ላጲስ ላይ ጠቅልዬ ነው የፈተግሁት።

የተበላውን ጉድጓድ ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት የ«ደብልዩ»ን እግር ከሌላው ማሳነስ ግድ ይል ነበር። ግማሹን አውርጄ ተውሁት። ቦታውን የሚያውቅ ያየዋል።

ለማንጸባረቅ የጥጥ ጎማና ፖሊሽ ገዝቼ (950 ብር) ትራፓኖ ላይ አሰርሁ። የጥጡ ጎማ ወደ ዕቃው ጠርዝ እየዞረ ሲመጣ ጠርዙን ይዞ ክቡን ከእጄ ነጥቆ ግድግዳው ላይ ወረወረው። ትንሽ ተጣመመ፤ በእንጨት ላይ አስተኝቼ በሌላ እንጨት ቀስ እያልሁ መለስሁት። ከዚያ ወዲህ ጎማው ሁልጊዜ ከጠርዙ ወደ ውጭ እንዲሄድ አድርጌ እይዛለሁ።

ሳምንት 4 – አኖዳይዝ ላድርገው ወይስ ልተወው?

የተራቆተ አሉሚኒየም በጥቂት ወራት ይደበዝዛል። አማራጮቹ በየጊዜው ሰም መቀባት፣ ግልጽ ቫርኒሽ መንፋት ወይም እንደ ፋብሪካው አኖዳይዝ ማድረግ ናቸው። ቫርኒሹን ከመስኮት ሥራ በተረፈ የአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ ሞክሬ ሳምንት ሳይሞላው ጠርዙ በጥፍር ተላጠ። ስለዚህ ወደ ሦስተኛው ሄድሁ።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የባትሪ አሲድ (2 ሊትር፣ 400 ብር) በተጣራ የባትሪ ውኃ (5 ሊትር፣ 200 ብር) እኩል ለእኩል ቀጠንሁት፤ ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ቮልቴጁና አምፒሩ የሚስተካከል የኃይል ምንጭ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ተዋስሁ። ዕቃው ከፖዘቲቩ፣ ሌላ የአሉሚኒየም ቁራጭ ደግሞ ከኔጋቲቩ ጋር ይታሰራል።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ቁራጩን ያንጠለጠልሁት በመዳብ ሽቦ ነበርና ሽቦው ራሱ እየሟሟ አሲዱን ሰማያዊ አደረገው። ያ አሲድ ተጣለ። በሁለተኛው ሙከራ የአሉሚኒየም ሽቦ ተጠቀምሁ፤ ነገር ግን ሽቦው ላልቶ ታስሮ ስለነበር በመገናኛው ላይ ሽፋን ተሠርቶ አምፒሩ ወደ ዜሮ ወረደ። በሦስተኛው ሽቦውን በፒንሳ አጥብቄ ጠመዘዝሁትና ሠራ። መሥራቱን ያወቅሁት በቴስተር ነው፦ አኖዳይዝ የሆነ ገጽ ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና ሁለቱን ጫፎች ብነካበት ዝም አለ፤ ያልነከርሁት ጫፍ ላይ ግን ጮኸ።

ሳምንት 5 – ክቡ አለቀ

ሽቦውን በጀርባ እግሩ ላይ አሠርሁ፤ የመገናኛው ምልክት በኮፈኑ ውስጥ ይደበቃል። የክቡን ፊትና ጀርባ 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ገምቼ አምፒሩን በ0.8 ላይ ያዝሁ፤ ቮልቴጁ 15 አካባቢ ነበር። የፈሳሹ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ብዙ እንዳያልፍ ሣህኑን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠቢያ ውስጥ አስቀምጬ 45 ደቂቃ ቆየ።

ቀጥሎ የሽፋኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዲደፈኑ በተጣራ ውኃ መቀቀል አለበት። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ ጣልቃ ይገባል። መመሪያዎቹ ውኃው ከ96 ዲግሪ በላይ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢነድ ከዚያ አያልፍም። መፍትሔው ጊዜውን ማርዘም ነው፤ በሠላሳ ፈንታ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀቀልሁት። ለመፈተን በጀርባው ላይ የቀለም ብዕር ጠብታ አድርጌ ጠረግሁት፤ ምልክቱ አልቀረም፤ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል ማለት ነው። የመስታወትነቱ ድምቀት ትንሽ ቀንሷል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ እንዲያውም ለ1962 መኪና ይበልጥ ይስማማል ባይ ነኝ።

ሳምንት 6 – ጽሑፉ፦ የመጀመሪያው ኒኬል ነካሪ

ዚንክ ላይ ያለ ክሮም የሚበላሸው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። የጌጥ ክሮም ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን በታች ስለሆነ እርጥበት በማይታይ ቀዳዳ ይገባና ዚንኩን ይበላዋል፤ ነጩ ዱቄት ሲያብጥ ሽፋኑን እንደ እባጭ ያነሣዋል። በጽሑፉ ላይ እንዲህ ያሉ እባጮች ከሠላሳ በላይ ነበሩ፤ የእኔ ኮስቲክ ሶዳም አሰፋቸው።

ዋናውን ከመስጠቴ በፊት ለሙከራ የሚሆን የተሰበረ ተመሳሳይ ጽሑፍ ከሶማሌ ተራ በ1,200 ብር ገዛሁ። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ የረካሁበት ወጪ ይህ ነው። ብረት በኒኬልና በክሮም ለሚለብጥ አንድ ነካሪ ቤት 800 ብር ከፍዬ ሰጠሁት፤ ምን ብረት እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ነሐስ መሰለኝ» ያልሁት እኔው ነኝ፤ ዚንክ ካልሁ ይመልሱኛል ብዬ ፈርቼ። በሦስተኛው ቀን ጠቁሮና ተላጦ ተመለሰ። የኒኬሉ መንከሪያ አሲድነት ስላለው በቀጥታ የገባበትን ዚንክ ይበላል፤ የሟሟው ዚንክ ደግሞ መንከሪያውን ያበላሻል። ባለቤቱ ተቆጥቶ ነበር፤ እውነትም ነበረው።

ሳምንት 7 – ጉድጓዶቹና እግሩ

ዚንክ መጀመሪያ በሳያናይድ የመዳብ መንከሪያ ስስ የመዳብ ልብስ መልበስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ሌላውን የሚችለው። ይህ መንከሪያ ያለው ቤት ለማግኘት አምስት ቦታ ጠየቅሁ። ያገኘሁት ባለሙያ ዕቃውን አገላብጦ አይቶ፣ ብረቱ ዚንክ መሆኑን እኔ ሳልነግረው ተናገረና «ጉድጓዱን አንተ አጽዳ፤ መሙላቱን ለእኔ ተወው» አለኝ። መንከሪያው መርዝ ስለሆነ ወደ ውስጥ እንድገባ አልፈቀደም።

እያንዳንዱን እባጭ በ1 ሚሊ ሜትር ፑንታ ከፍቼ ነጩ ዱቄት አልቆ የሚያበራ ብረት እስኪታይ ድረስ ቆፈርሁ። ትንሽ ዱቄት ከቀረ ከአዲሱ ሽፋን ሥር ሥራውን ይቀጥላል። ሁለት ምሽት ወሰደ።

ለተሰበረው እግር በ2.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ቀድጄ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚገባበት ጥርስ ለማውጣት አሰብሁ። የፊደሉ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከ3 እንዳላልፍ በፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልዬ ምልክት አደረግሁ። በሙከራው ጽሑፍ ላይ ተሳካ። በዋናው ላይ ግን ፕላስተሩ ተንሸራተተና ፑንታው ጠልቆ ሄደ፤ በ«3» ፊት ላይ የብጉር ያህል እብጠት ወጣ። አልተበሳም። እብጠቱን በሞረድ አስተካክዬ፣ ጥርሱን ትቼ፣ ራሱ የተቆረጠ የነሐስ ብሎን በኢፖክሲ (450 ብር) ለማጣበቅ ወሰንሁ፤ ኢፖክሲው ግን የመንከሪያውን ሙቀትና ኬሚካል እንዳይቀምስ የሚጣበቀው ከተነከረ በኋላ ነው።

ሳምንት 8 – ጋሻው

ጋሻውን ወደ ኮስቲክ ሶዳ አላቀረብሁትም። የተረፈው ቀለም በቲነርና በጥጥ ለቀቀ። ከመልቀቁ በፊት በማጉያ መነጽር አይቼ ቀለሞቹን መዝግቤአለሁ፦ ከግንቡ በስተጀርባ ጥቁር፣ በሞገዱ መካከል ሰማያዊ፣ በተኩላው ላይ ወርቃማ ትራፊ ነበረ። ሌሎች ጋሻዎች ሌላ ቀለም ሊኖራቸው ይችላል፤ እኔ የተከተልሁት ይህ ጋሻ የያዘውን ነው።

በጓደኛ ምክር መጀመሪያ የሞከርሁት የጥፍር ቀለም ነው። ሲነካ ይደርቃል፣ ከሥር ግን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ በማግስቱ ተሸብሽቦ መካከሉ ጎድጉዷል። አጥቤ አወጣሁት። በሁለተኛው ጊዜ ከመኪና ቀለም ቤት ማድረቂያ የሚቀላቀልበትን ቀለም በሦስት ዓይነት፣ ከየዓይነቱ በጣም ትንሽ፣ አስቀላቀልሁ (700 ብር)። በኢንሱሊን ሲሪንጅ ጠብታ በጠብታ እየጣልሁ ቀለሙ በራሱ ተዘርግቶ ወደ ጥግ እስኪደርስ መጠበቅ ነበር፤ መርፌው ወለሉን ከነካ ይጭራል። ሲሪንጆቹ 60 ብር ወጥተዋል። በየቀለሙ መካከል አንድ ቀን ቆየሁ። ወደ ከፍታዎቹ የወጣውን ቀለም፣ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በጥብቅ በተጠቀለለ ቲነር በነካ ጨርቅ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ ጠረግሁት። የላላ ጨርቅ ወደ ጉድጓዱ ገብቶ ቀለሙን ይዞት ይወጣል።

አንድ ወዳጄ ለምን በእሳት የሚቀልጥ እውነተኛ የብርጭቆ ኢናሜል እንዳልተጠቀምሁ ጠየቀኝ። የተለመደው ኢናሜል 800 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ አሉሚኒየም ግን በ660 ይቀልጣል።

የተኩላውን ጀርባ ለማብራት 2000 ወረቀት ሳሻሽበት ጅራቱ ከሚገባው በላይ ሳስቷል። አሁንም ጅራት ነው፤ ግን ቀድሞ ከነበሩት ሦስት የፀጉር መስመሮች አሁን የሚታየው አንድ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ወረቀት ማስጠጋት አልነበረብኝም፤ በጨርቅና በፖሊሽ መተው ነበረበት።

ሳምንት 9 – ጽሑፉ ተመለሰ

ስሱ መዳብ፣ በላዩ የጉድጓድ መሙያ ስታኞ፣ ከዚያ ወፍራም መዳብ ተደርጎ ተፈትጎ፣ እንደገና መዳብ፣ ኒኬል፣ በመጨረሻም ክሮም። 4,500 ብር ተከፈለ። «1» እና ሁለቱ ዜሮዎች አዲስ ይመስላሉ። በ«3» ላይ ያ የብጉሩ ቦታ በብርሃን ሲዞር ትንሽ ይወዛወዛል። የነሐሱን ብሎን በኢፖክሲ አጣብቄ አንድ ሙሉ ቀን ሳልነካው ቆየሁ። አጎቴ አይተው ስለ «3» ምንም አላሉም፤ «እንዲቀር ብለህ ነበር አይደል?» ብቻ አሉኝ።

እስካሁን የወጣው ጠቅላላ ወጪ 10,890 ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሁለት ሺሕ ብሩ ለሙከራው ጽሑፍና ለመጀመሪያው ነካሪ የሄደ ነው።

ሳምንት 10 – ገጠማ

የኮፈኑ ቀዳዳዎች ጠርዝ በአዲሱ ቀለም ስለጠበበ እግሮቹ አልገቡም። አስገድጄ ብገፋ ቀለሙ ስለሚሰነጠቅ፣ ክብ ሞረድ በእጄ እያዞርሁ ትርፉን ብቻ አወጣሁና የተራቆተውን ጠርዝ በቀጭን ብሩሽ ፀረ ዝገት ቀባሁ። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ከአሮጌ ከመነዳሪ የቆረጥሁትን የጎማ ሮንዴላ አደረግሁ፤ ውኃ እንዳይገባና አሉሚኒየሙ ከኮፈኑ ብረት ጋር እንዳይነካካ። የሁለተኛው ሳምንት ሣህን ሁለት ብረት ሲነካካ ምን እንደሚሆን አሳይቶኛል።

አዳዲሶቹን ክሊፖች ከመግፋቴ በፊት የሁለቱ አርማዎች መሐል በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሆኑን በክር ለካሁ። ጽሑፉ በሁለት ክሊፕና በነሐሱ ብሎን ላይ በገባች አንዲት ትንሽ ዳዶ ተያዘ፤ ዳዶዋን በጣት ብቻ አጠበቅኋት።

በመጨረሻ ኮፈኑን ዘግተን በጎማ ቱቦ ውኃ ለአምስት ደቂቃ አፈሰስንበት። ስንከፍተው ከጋሻው የግራ እግር ሥር አንዲት ጠብታ በነዳጁ ታንከር ላይ ወድቃ አገኘን። ክሊፑን አውጥቼ ሮንዴላውን ሳየው አጣጥፌ ነው ያስገባሁት። ሌላ ቆርጬ ገጠምሁና እንደገና አፈሰስን፤ ታንከሩ ደረቅ ነው።